በጎርጎራ ዳርቻ

ነገሩ የተነሣው ከቴሌቪዥን ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ2010 ዓ.ም. ያቀረበውን «ጋንፓውደር» የተባለ ባለ ሦስት ክፍል ታሪካዊ ድራማ፣ ዘግናኙን ቦታ እየዘለልሁ፣ ለተማሪዎቼ አሳየኋቸው። ታሪኩ በ1598 ዓ.ም. ሮበርት ኬትስቢና ጓደኞቹ ንጉሥ ጀምስን ከነፓርላማው በባሩድ ለማጋየት ያደሙበት ነው። በዚያ አገር የካቶሊክ ቅዳሴ ክልክል ነበርና ኢየሱሳውያን ቄሶች በየባላባቱ ቤት ይደበቁ ነበር። ሲያልቅ አንዲት ልጅ፣ «መምህር፣ በዚያው ዘመን በእኛ አገርስ አሳዳጁ ማን ነበር?» አለችኝ። በቶሎ የምመልሰው አጣሁ።

ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አውቶቡሱ አጼ ሱስንዮስ ያረፉባትን የአዘዞን ገነተ ኢየሱስ ሳይቆም አልፎ በደምብያ ሜዳ አቧራውን እያጨሰ ጣና ዳር አደረሰኝ። በማግሥቱ በጀልባ ወደ ማርያም ግምብ ተሻገርሁ። አንባቢ ሆይ፣ ቤተ መንግሥት አትጠብቅ! የኖራ ግንብ ፈርሶ ቁጥቋጦ ውጦታል፤ ሆኖም አበባ የተቀረጸበት ድንጋይ እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። ጀልባ ቀዛፊው ሽማግሌ፣ «የፈረንጅ ቤት ይሉታል፤ ድንጋዩን የተሸከሙት ግን የእኛ አባቶች ናቸው፣ ልጄ» አሉኝ።

በእንግሊዝ በግድግዳ ውስጥ የሚደበቀው ማኅበር እዚህ ከንጉሥ ጎን ተቀምጦ ነበር። የእስፓኙ ፔድሮ ፓኤዝ ግእዙንም አማርኛውንም ተምሮ፣ በጎርጎራ ራሱ ከሠራተኞቹ ጋር እየለፋ ግንብ ያሠራ፣ ጠባዩም ለስላሳ የነበረ ሰው ነው። በ1614 ዓ.ም. እንደ ሞተ የተተካው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ነበር። በየካቲት 1618 ዓ.ም. በደንቀዝ ንጉሡ ለሮማው ጳጳስ መታዘዛቸውን በይፋ ማሉ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ቄሱ ዳግመኛ ክህነት ይቀበል፣ ቤተ ክርስቲያኑም እንደገና ይባረክ ተባለ። ግዝረትና የቅዳሜ ሰንበትም ተከለከሉ። የዘመን አቆጣጠሩ እንኳ አልቀረለትም። ገበሬው ሌላውን ሁሉ ቢችል፣ ጾምና በዓሉ ሲናድበት እንዴት ዝም ይላል?

ዐመፁ በየአገሩ ተነሣ። በ1624 ዓ.ም. የላስታው መልክአ ክርስቶስ በወይና ደጋ ሲሸነፍ 8,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይጻፋል። ልጃቸው ፋሲል ሬሳውን ለአባቱ አሳይቶ፣ የወደቁት አረመኔዎች ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸውን እንደ ነገራቸው ይተረካል። ድል አድራጊው ንጉሥ በሰኔ ወር ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ ይመለስ ዘንድ ዐዋጅ አስነገሩና ዘውዱን ለልጃቸው ተዉ። በመስከረም 1625 ዓ.ም. ዐረፉ።

መጽሐፋችን እዚህ ላይ ያቆማል፤ እኔም እስካሁን ሳስተምር እዚያው ላይ አቆም ነበር። ይሁን እንጂ አጼ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አስወጡ፤ ሳይወጡ የቀሩትም እንደ ድራማው ቄሶች ተደበቁ። ከእነርሱ አንዱ ጳጳሱ አፖሊናር ዲ አልሜዳ በ1630 ዓ.ም. ተሰቀለ።

ስመለስ ለልጅቱ ሁለት ስም በደብተሯ ላይ ጻፍሁላት፤ ሱስንዮስና ፋሲል። «ፋሲልም?» አለችና በመስኮቱ ወደ ግምቡ ተመለከተች።