ጥቁሩን ማን አመጣው?

ባሕር ዳር ላይ ባጃጅ የተሳፈረ ሰው ከሾፌሩ ማጅራት ሌላ የሚያየው ብዙ ነገር ስለሌለው ወንበሩን ያያል፤ ጥቁር የፕላስቲክ ቆዳ፣ ጠርዝ ጠርዙን ጎን ለጎን የሚወርዱ ሁለት ቀይ ስፌቶች፣ አንዳንዴም በመሪው ዙሪያ ቢጫ የተቀባ ፕላስቲክ። «ይሄ ደግሞ ከየት የመጣ ፋሽን ነው?» የሚል አይጠፋም፤ መልሱም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። አንዱ ከህንድ ይለዋል፣ ሌላው ከዱባይ፣ መኪና አውቃለሁ የሚለው ደግሞ ከጀርመን። የመጨረሻው ጥቂት እውነት አለው። ፎልክስዋገን እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣት ጎልፍ ጂቲአይ ከፊቷ ቀይ መስመር፣ ወንበሯ ላይ ደግሞ ጉንሂልድ ሊልዬክቪስት የተባለች ዲዛይነር ያመጣችው ባለ ቀይ መስመር የስኮትላንድ ዓይነት ጨርቅ ነበራት። በጥቁር ላይ ቀይ የፍጥነት ምልክት ሆኖ የቀረው በከፊል በእሷ የተነሳ ይመስለኛል። ይሁንና ጥያቄው ራሱ የተገለበጠ ነው። ሰው የሚቀመጥበትን ነገር በቀለም ማስጌጡ የቆየ ነው፤ ምንጩ ሊፈለግለት የሚገባው ጥቁሩ ነው።

የመጀመሪያዋ ምስክር ቮልስ ናት። የድሮዎቹ ቮልሶች ዳሽቦርድ ከአካላቸው ጋር አንድ ቆርቆሮ፣ ቀለሙም አንድ ነበር፤ ውጭዋ ሰማያዊ የሆነች ውስጧም ሰማያዊ፣ ውጭዋ ክሬም የሆነች ውስጧም ክሬም። ዛሬ ዳሽቦርዱን ያስቀባ ወጣት «መኪናውን አበላሸው» ሲባል፣ ፋብሪካው ለአያቱ ዘመን ሰዎች በነጻ ያደርግ የነበረውን እየከፈለ ነው ያስደገመው። ቆርቆሮው የጠፋው አስጠልቶ ሳይሆን በግጭት ጊዜ ግንባር ስለሚፈነክት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 ጀምሮ የመኪና የውስጥ አካል የተሳፋሪን ጭንቅላት እንዳይጎዳ የሚያስገድድ መመዘኛ ሥራ ላይ አዋለች፤ ስፖንጅና ፕላስቲክም የቆርቆሮውን ቦታ ያዙ። ፕላስቲኩ ቢሆን ጥቁር እንዲሆን ያዘዘ ሕግ አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የአሜሪካ መኪኖች ውስጥ ቀይም፣ ቡናማም፣ ሰማያዊም ሞልቷል። ጥቁር ያሸነፈው በሒሳብ ነው። አንድ ጥቁር ዕቃ ለማንኛውም የውጭ ቀለም ይሆናል፣ እድፍ ቶሎ አያሳይም፣ የሚያጠቁረው የካርቦን ዱቄትም ፕላስቲኩን ከፀሐይ ይከላከልለታል። የመጋዘን ኃላፊው ምርጫ የባለመኪናው ጣዕም ተደርጎ ተቆጠረ ማለት ነው።

ከመኪና በፊት ወደነበረው ብንሄድ ለጥቁር ነገሩ ይብስበታል። በጎጃምም በጎንደርም የባለቤቱ ክብር የሚለካው በበቅሎዋ ዕቃ ነበር፤ ኮርቻው ቀይ ባሕር አረብ ለብሶ፣ ግላሱ በባለ ቀለም ክር ተጠልፎ። ስፌቱ ቆዳውን አጥብቆ ይይዛል፣ እግረ መንገዱንም የሰፊውን እጅ ያስመሰክራል። የባጃጅ ወንበርም ከዚህ አይርቅም። ሰፊው አሮጌውን ሽፋን በስፌቱ በስፌቱ ይፈታና ቁርጥራጩን እንደ ልክ አድርጎ አዲሱን ቆዳ ይቆርጣል፤ ስስ ስፖንጅ ከሥሩ አድርጎ በግልባጩ ይሰፋዋል፤ ከገለበጠው በኋላ ነው ሁለቱን የሚታዩ መስመሮች ከላይ የሚያወርደው። ጥቁር ክር በጥቁር ቆዳ ላይ ቢንሻፈፍ ማንም ልብ አይለውም፤ ቀይ ክር ግን ማዕዘኑ ላይ ትንሽ ከሳተ ሰፊውን ያሳጣዋል። ባለ ቀለም ክር የሚያስገባ ሰፊ እጁን የሚተማመን ነው።

ጣና ዳር ተቀምጦ ለሚያስብ ሰው ግን ከበቅሎው ይልቅ የሚያማልል መላምት አለ፤ እሱን ሳልፈትሽ ማለፍ አልሆነልኝም። ዘጌ ላይ ያለውን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ከውጭ ያየ ሰው ክብ ግድግዳና ሰፊ ክፈፍ ብቻ ያያል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ ይቀበለዋል። በደቅ ደሴት ያለውን ናርጋ ሥላሴን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው እዚያው ተሥለዋል፤ አሠሪ ውስጡ ላይ መታየት እንደሚሻ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። ይባስ ብሎ በእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ከሥዕሉ ብዙው ያለው በቀጥታ በግድግዳው ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ሽፋን ማልበስ ማለት ይኸው አይደል? «ውጩን ተወው፣ ውስጡን አስጊጠው» የሚለው ልማድ ከመቅደስ ወደ ባጃጅ ወረደ ለማለት አንድ ስንዝር ብቻ የቀረው ይመስላል። ስንዝሯ ግን አትሞላም። ሥዕሉ ውስጥ የገባበት አንዱ ምክንያት ክረምት ነው፤ በዚህ ዝናብ ከውጭ የተለጠፈ ጨርቅ አይከርምም። ሥራውም ፊደል ላልቆጠረው ምእመን ማስተማር እንጂ ባለቤቱን ደስ ማሰኘት አልነበረም። ከሁሉ በላይ ባጃጅ በር የለውም፤ ውስጡ ከመንገድ ይታያል። የሚቀርበው ለመቅደስ ሳይሆን ገበያ መሐል ለምታልፍ የተሸለመች በቅሎ ነው።

ልማዱ ያን ያህል ያረጀ ከሆነ ለምን አሁን ፋሽን መሰለ? መልሱ ውጩ የማን እንደሆነ በማየት ይገኛል። የባጃጅ ዘር የሚቆጠረው ከጣሊያን ነው፤ ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣውን ባለ ሦስት እግር የቬስፓው አባት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነደፈው፤ የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ ደግሞ በፒያጆ ፈቃድ እየሠራ አደገ። ከዚያ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠሩት ሁሉ ከፋብሪካ የሚወጡት አንድ ዓይነት ሆነው ነው። ባሕር ዳር ሲደርሱም ሰማያዊ ናቸው፣ ሰሌዳ ይለጠፍባቸዋል፣ የተመደቡበት መስመር አላቸው። ውጩ የፋብሪካውና የከተማው ነው፤ ለሾፌሩ የቀረችው ከመሪው እስከ ኋላ ወንበር ያለችው ቦታ ናት። ከመቶ ሰማያዊ ባጃጆች መሐል ተሳፋሪ የሚያስታውሰው ቀይ ስፌት ያለውን ነው። የቤት መኪናም ቢሆን ሁሉም ነጭና ብርማ በሆነበት ከተማ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ተቃውሞውን ደግሞ በየተራው እንየው። ቀለም የተቀባ ዳሽቦርድ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል የሚለው እውነት ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ፀሐይዋም አትምርም። እዚህ ላይ ጥቁር ረትቷል፤ ከመስታወቱ ሥር ያለውን አግድም ገጽ ለእሱ መልቀቅ ነው። ቀለሙ ይላጣል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በመኪና ውስጥ የሚበዛው ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ቀለም አይወድም፤ በብርጭቆ ወረቀት ሳይፈተግና ቀለም የሚያስይዘው መሠረት ሳይቀባ ከተረጨ፣ እጅ በበዛበት በመያዣው በኩል እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ጥፋቱ ግን የቸኮለው ቀቢ ነው፤ ቀለሙን ምን አድርግ ትለዋለህ? ገንዘብ ማባከን ነው ለሚለው፣ ወንበር አንዴ ከተቀደደ መሰፋቱ አይቀርም፤ ቀይ ክር ደግሞ ከጥቁሩ እምብዛም አይወደድም፣ የእጁም ዋጋ ያው ነው። ከዚህ በኋላ ለተቃዋሚ የሚቀረው «አያምርም» ማለት ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን፣ ዳሽቦርዱ ላይ እንጨት የሚመስል ስቲከር ለጥፎ ከሚዞር ሰው አልቀበልም።