አራስን ብቻዋን አትተዉ

ልጅ መውለድ ታላቅ ደስታ መሆኑን ሁሉም ሰው ይናገራል፤ እኔም አልክድም። ነገር ግን ከደስታው ጋራ የሚመጣውን ድካምና ኀዘን ደፍሮ የሚናገር ጥቂት ስለ ሆነ፣ በአራስነቴ ወራት የደረሰብኝንና የተማርሁትን ለዚህ ገጽ አንባብያን በአጭሩ ልገልጽ ወደድሁ። ምናልባት አንዲት አዲስ እናት፣ ወይም ሚስቱ የወለደችለት የሥራ ባልደረባ፣ ከእኔ ስሕተት ይጠቀም ይሆናል።

የመጀመሪያ ልጄ የተወለደችው በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። እናቴ የመውለጃዬ ጊዜ መድረሱን ሰምታ ከአዲግራት በአውቶቡስ ሁለት ቀን ተጉዛ መጣች። በጓዟም ውስጥ የገብስ ዱቄት፣ ማርና የተነጠረ ቅቤ ነበረ። ቅቤው ግን ለእኔ ብቻ የታሰበ አልነበረም። ልጅቱ እንደ ተወለደች ከቅቤው በጣቷ ጫፍ ልታልሳት ፈለገች፤ ቢጫውንም የመጀመሪያ ወተት፣ ማለት እንገሩን፣ «በጡት ውስጥ የቆየ ስለ ሆነ ታልቦ ይፍሰስ» አለች።

አዋላጇ ነርስ በትሕትና እንዲህ ስትል አስረዳቻት። «እማማ፣ እንገር መጠኑ ጥቂት ቢሆንም ሕፃንን ከበሽታ የሚጠብቅ ኀይል አለው። ሕፃን በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ መጥባት ይገባዋል፤ እስከ 6 ወርም ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ አያስፈልገውም።» እናቴ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «እኔ ሰባቱንም ልጆቼን ቅቤ እያላስሁ አሳድጌአለሁ፤ ነገር ግን የተማረ ሰው ይህን ካለ የእኔ ይቅር» አለችና ቅቤውን ወደ ገንፎዬ አዞረችው።

እናቴ እንዲህ በትሕትና ልማዷን ስትተው፣ እኔ ግን ታበይሁ። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ በመሆኔ የአገር ቤት ልማድ ሁሉ ከአጉል እምነት የመጣ ይመስለኝ ነበር። በአገራችን አራስ ብቻዋን አትተውም፤ ሌሊትም ቀንም ሰው ከአጠገቧ አይለይም። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ክፉ መንፈስ እንዳያገኛት ነው» ይባላል። እኔም በዚህ ሣቅሁ። ሦስት ሳምንት እንደ ሆነኝ እናቴን «በጣም ደክመሻል፤ አሁን ራሴን ችያለሁ» ብዬ ወደ አዲግራት አሰናበትኋት። ለጎረቤቶቼም «ልጅቱ ትተኛ» እያልሁ በሬን ዘጋሁ። ባለቤቴ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር።

መከራዬ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ልጅቱ የጠባችበትን ሰዓትና ያረጠበችውን ጨርቅ፣ በመሥሪያ ቤት እንደ ለመድሁት፣ በደብተር እመዘግብ ነበር። በደብተሩ ላይ ጉድለት አልተገኘም፤ በቀን ከ6 ጨርቅ በላይ ታረጥባለች፤ ክብደቷም ይጨምራል። የታመምሁት እኔ ነበርሁ። ልጄ ተኝታ ሳለች እንኳ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ እህል አስጠላኝ፤ ያለ ምክንያትም አለቅስ ነበር። አንድ ሌሊት ልጄ ስታለቅስ እየሰማሁ ተነሥቼ ላነሣት አልቻልሁም። ግድግዳውን እያየሁ፣ «ለዚህች ልጅ ሌላ እናት ትሻላት ነበር» ብዬ አሰብሁ። ባለቤቴ ነቅቶ አቀፋት። እኔ ግን ያሰብሁትን አልነገርሁትም። ሰዎች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሉኝ ፈገግ እያልሁ ነገሩን ሸሸግሁት።

በ45ኛው ቀን ልጄን ለክትባት ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። ነርሷ መዝናና ከትባ ከጨረሰች በኋላ ካርዱን እየጻፈች «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ ልሰጥ አፌን ብከፍት ለቅሶ ቀደመኝ። እርሷም በሩን ዘግታ እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያም፣ «ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ማልቀስ በብዙ እናቶች ላይ ይደርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም በ2 ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ከዚያ አልፎ ከቆየ ግን ሕመም ነው፤ ሕመም ስለ ሆነም ይታከማል። ልጅሽን አለመውደድ አይደለም» ብላ ወደ ሐኪም ላከችኝ። ሐኪሙም ሕክምናዬን ከጀመረ በኋላ አጥብቆ ያዘዘኝ «ብቻሽን አትሁኚ» ብሎ ነው።

ይህን ስሰማ የሣቅሁበት ልማድ ትዝ አለኝ። ምክንያቱን ሌላ ብለው ይጥሩት እንጂ፣ አያቶቻችን አራስ ብቻዋን ስትሆን አደጋ እንዳለባት ዐውቀው ነበር። በዚያው ምሽት ስልክ አንሥቼ «አደየ፣ አልቻልሁም» አልኋት። እናቴ ምንም ሳትጠይቀኝ በሦስተኛው ቀን ከቤቴ ደረሰች።

ሕመሙ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም፤ ቀስ በቀስ ግን እንቅልፌ ተመለሰ፤ ልጄንም እያየሁ መደሰት ጀመርሁ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ከወሊድ በኋላ የፈቀደልኝ 90 ቀን ሲያልቅ፣ ልጄ 6 ወር ሊሞላት ገና ሦስት ወር ያህል ይቀራት ነበር። ስለዚህ እጄን ታጥቤ በንጹሕ ባለ ክዳን ዕቃ ወተቴን እያለብሁ አስቀምጥ ጀመር። የታለበ የእናት ጡት ወተት ሙቀት በሌለበት ክፍል እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። እናቴም በንጹሕ ስኒ ታጠጣት ነበር። እንገሬ ይፍሰስ ያለችው ያቺው እናቴ፣ ዕቃውን በሁለት እጇ ይዛ «አንዲት ጠብታ እንዳትፈስ» ስትል በሰማሁ ጊዜ ሁለታችንም ሣቅን።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። አዲስ እናት ሆይ፣ እንገርሽን አታፍስሺ፤ ኀዘንሽንም አትደብቂ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላልና። ኀዘኑ ከ2 ሳምንት ካለፈ ወደ ሐኪም ሂጂ፤ ራስሽን ወይም ልጅሽን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ለሌላ ቀን ሳታስተላልፊ በዚያው ሰዓት ለሰው ተናገሪ። አባት ሆይ፣ ሌሊት ልጁን ማቀፍህ መልካም ነው፤ ሲነጋ ደግሞ እናቲቱን «እንዴት አደርሽ?» ብለህ መልሷን ታግሠህ አዳምጥ። ዘመድና ጎረቤትም ገንፎውን ይዛችሁ ስትመጡ አስቀምጣችሁ አትሂዱ፤ ጥቂት ተቀመጡ።

የአባቶቻችንን ልማድ ሁሉ መያዝ አይገባም፤ ሁሉንም መጣልም አይገባም። እናቴ አንዱን ልማዷን በጊዜው በመተዋ ልጄ ተጠቀመች፤ እኔም ሌላውን፣ ዘግይቼ ቢሆንም፣ በመቀበሌ ጤናዬን አገኘሁ።