ሆዴ ላይ ያለውን ሳልነግራት ሽማግሌ ልላክ?

በእኛ አገር አንጀት የፍቅር ቃል ነው። ያዘነ «አንጀቴን በላኸው» ይላል፤ ደስ ያለው «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ይላል። ስለ እውነተኛው አንጀት ግን ማን ያወራል? እኔም አላወራም ነበር፤ እስኪደርስብኝ ድረስ።

በ2010 ዓ.ም. ለፋሲካ ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ ከተማዬ ቢቸና ሄድኩ። ዕድሜዬ 27 ነበር። በበዓሉ ማግስት ሌሊት ሆዴን ይቆርጠኝ ጀመር። እናቴ «ሁዳዴን ከርመህ በቅባት ስለጀመርክ ነው» ብላ ጤና አዳም አጠጣችኝ። ሲነጋ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ። አየርም ሰገራም አልወጣ አለ፤ ትውከት ብቻ! «ይሻለዋል» ሲባል ዋልኩ፤ አደርኩም። ሆስፒታል የተወሰድኩት በማግስቱ ነው። ያ የባከነ አንድ ቀን ነው አንጀቴን ያስቆረጠኝ።

ሐኪሞቹ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? በትልቁ አንጀት መጨረሻ አካባቢ ያለው፣ ሲግሞይድ የሚባለው ክፍል፣ እንደ ገመድ በራሱ ላይ ተጠማዟል። ሰዉ «አንጀቱ ታጠፈ» የሚለው ይኸው ነው። በደጋው አገራችን፣ ይልቁንም በወንዶች ላይ፣ እንግዳ በሽታ አይደለም። ቶሎ ከተደረሰበት በመቀመጫ በሚገባ ቱቦ ሊፈታ ይችላል። ከዘገየ ግን ደም ይቋረጥና አንጀቱ ይሞታል። የእኔ ሞቶ ነበር። የሞተውን ቆርጠው ጣሉና የተረፈውን ጫፍ በሆዴ ግራ በኩል ወደ ውጭ አወጡት። ኮሎስቶሚ ይባላል። ሰገራ በዚያ በኩል ወጥቶ ሆድ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል።

ስነቃ ያንን ቀይ ነገር አየሁና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሞጣ የምትጠብቀኝ ልጅ ነበረች፤ አስተማሪ ናት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።

ሁለት ወር ሙሉ በስልክ «ጨጓራዬን ነው» እያልኩ ዋሸኋት። በመጨረሻ ልለያት ቆርጬ ከቢቸና ወደ ሞጣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከረጢቱ እንዳይሞላ ብዬ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ለካ ባዶ ሆድ አየር ያበዛል! መንገድ ላይ ከረጢቱ ተነፍቶ ጠርዙ ለቀቀ። አጠገቤ የነበሩት እናት አፍንጫቸውን አልያዙም። መስኮቱን ከፈቱ፣ ነጠላቸውን ጭኔ ላይ ጣል አደረጉና «አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እሷ ፊት ስደርስ ያዘጋጀሁት የመለያያ ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። ሸሚዜን ገልጬ አሳየኋት። ዝም ብላ አየችና «ያምሃል?» አለችኝ። «አያምም» አልኳት፤ እውነትም የወጣው አንጀት ሲነካ አያምም። ቀጠለችና «የሚመለስ ነው የማይመለስ?» አለች። አላውቅም! አፍሬ ሐኪሙን አልጠየቅሁትም። «ታዲያ ራስህ የማታውቀውን ነገር ሰበብ አድርገህ ነው ልትተወኝ የመጣኸው?» ብላ ተቆጣችኝ።

በሳምንቱ አብረን ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። ለአንዳንዱ ሰው፣ ለምሳሌ የፊንጢጣ ካንሰር ኖሮበት ፊንጢጣው ለወጣ፣ የዕድሜ ልክ ነው። የእኔው ግን ጊዜያዊ ነበር። ሽማግሌ የላክሁት ከረጢቱ ሆዴ ላይ እያለ ነው፤ አባቷም አስቀድመው እንዲያውቁ አደረግሁ። «የተሰበረ እግር በጀሶ ይታሰር የለ?» አሉ። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንጀቴ ተመልሶ ተገጠመ።

ነርሷ ያስተማረችኝን ላካፍላችሁ። ጤነኛው ስቶማ፣ ማለትም የወጣው አንጀት፣ ቀይና እርጥብ ነው፤ ሲታጠብ ጥቂት ቢደማ አያስደነግጥም። ከጠቆረ፣ ወይም ሰገራ ቆሞ ሆድ ከተነፋና ካስታወከ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም! ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ይደፋ። ቆዳው በለብ ባለ ውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ አልኮል አይንካው። የከረጢቱ ቀዳዳ ከስቶማው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፍቶ ይቆረጥ፤ ከዚያ ከሰፋ ሰገራው ቆዳውን ይልጠዋል። ስቶማው በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት እየጠበበ ስለሚሄድ ልኩን ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው። ምግብ ጥቂት ጥቂት፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይበላል። ገላ መታጠብ፣ መሥራት፣ ማግባት፣ መውለድ አይከለከልም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ሆዳችሁ ተነፍቶ አየር አልወጣ ካለ ጤና አዳም እየጠጣችሁ አትደሩ። ከረጢት ያለበት ካላችሁም፣ ከመሸሻችሁ በፊት ጠይቁ፤ እኔ ያልጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ሚስቴን ሊያሳጣኝ ነበር።