መስታወቱ አያፈስም ነበር

በሐምሌ መጀመሪያ እዚሁ ገጼ ላይ ስለ ቮልሴ የጻፍኩትን ብዙዎቻችሁ አንብባችሁታል። «የዘንድሮ ባለሙያ» እያልኩ የተሳለቅኩበትን ማለቴ ነው። ስንቱ ሳቀበት፣ ስንቱ «ቲቸር ድሮም ቀልደኛ ነው» አለኝ። ዛሬ ጠዋት አጥፍቼዋለሁ። ለምን እንዳጠፋሁት ልንገራችሁ። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ላላነበባችሁት፦ የቮልሷ የፊት መስታወት ተሰንጥቆ ስለነበር የበልጉን ጊዜ በሙሉ ሸራ አልብሻት ግቢ ቆማ ነው ያለፈችው። በግንቦት መስታወቱም ጎማውም ተገኘና የሰፈራችን ጋራዥ የሚሠራ ልጅ ገጠመልኝ። አስረኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ኋላ ወንበር ነበር የሚቀመጠው። ግማሹን ከፈልኩ፣ ግማሹን «ዝናብ ሲመጣ አይተን» አልኩት። ሰኔ ገባ። በሦስተኛው ዝናብ ማግስት በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ፤ ያ የረጠበ ምንጣፍ ሽታ። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወለል ላይ ውሃ ተኝቷል። ቀና ብዬ ሳይ ከላይ ያለው አዲሱ መስታወት ነው። አለቀ፣ ፈረድኩ።

ጋራዡ ድረስ ሄጄ ደንበኛ ባለበት ተናገርኩት። ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ቲቸር፣ በሩን አይተውታል?» አለኝ። እኔ ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? «እኔን ፊዚክስ ልታስተምረኝ ነው?» አልኩት። የቆሙት ሳቁ። እሱ «እሺ ቲቸር» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። የቀረውን ገንዘብም ሳልሰጠው ወጣሁ። ይባስ ብዬ ለሁለት ጎረቤቶቼ «እዚያ እንዳትሄዱ» አልኳቸው፤ አንደኛው ሰምቶኝ መኪናውን ሌላ ቦታ ወሰደ።

ከዚያ ሲልከን ገዝቼ የመስታወቱን ጎማ ዙሪያውን ለቀለቅኩት። በነገራችን ላይ ይህን አታድርጉ። ቀዳዳውን ሳታውቁ ሲልከን ስትቀቡ ውሃውን ከውስጥ ታቁሩታላችሁ፣ ጎማው ሥር ያለው ላሜራ ሳታዩት ይዝጋል። መልኩም እንደ ፈሰሰ ሻማ ነው የሚሆነው። በማግስቱ ዘነበ፣ ወለሉ እንደገና ረጠበ። ይኼኔ እንኳ «ጎማውን አበላሽቶት ነው» እንጂ ሌላ አላልኩም።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው የደነገጥኩት። መኪናዋ አልነሳ ስትለኝ የኋላ መቀመጫውን አነሳሁ። የቮልስ ባትሪ እዚያ፣ በቀኝ በኩል ነው ያለው። ባትሪው ሥር ውሃ አለ። ላሜራውን በካቻቢቴ ጫን ስለው ካቻቢቴው ዘልቆ ወጣ። በቀዳዳው የግቢው ሣር ይታያል! እዚያ ቦታ ላይ የልጅ ልጄ ነች የምትቀመጠው። የቮልስ መቀመጫ ሽቦ ደግሞ ዝቅ ብሎ የባትሪውን ጫፎች ከነካ እሳት ሊያስነሳ እንደሚችል የድሮ ቮልስ የነዳ ሁሉ ያውቃል፤ ክዳን የሚደረግበት ለዚህ ነው። የእኔ ክዳን አልነበረውም።

መቀመጫውንም ምንጣፉንም አውጥቼ ፀሐይ በወጣበት ሁሉ አሰጣሁት። ሲደርቅ፣ ተማሪዎቼን ሳደርቃቸው የኖርኩትን ነገር እኔው ልሠራ ተቀመጥኩ፦ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፣ ሌላውን አትንካ፣ ተመልከት።

ቮልስ ራዲያተር የላትም፣ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። ስለዚህ ውስጧ ያለ ውሃ ከውጭ የገባ ነው፣ ሌላ ምንጭ የለውም። ጠመኔ ፈጭቼ ወለሉ ላይ፣ ከክሩስኮቱ በታች፣ በሮቹ ግርጌ ነሰነስኩ። (ከጡረታ በኋላም ጠመኔ ቤቴ አይጠፋም።) ውሃ ጠመኔ ላይ ሲሄድ መንገዱን ጽፎ ነው የሚሄደው። የልጅ ልጄን ባትሪ መብራት አስይዤ ውስጥ አስገባኋት፣ ባትሪ ካልኳችሁ በኋላ ይህኛው የእጅ ነው። እኔ ከውጭ ጎማ ይዤ ቆምኩ። ውሃውን በኃይል ሳይሆን ቀስ አድርጎ፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ። ከላይ ከጀመርክ ሁሉንም ታረጥባለህ፣ የቱ እንዳስገባ አታውቅም።

እኔ ግን ቸኮልኩ፣ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ልጁ ጥፋተኛ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። አሥር ደቂቃ አፈሰስኩበት። «አባባ ምንም የለም» አለች። እንደገና አፈሰስኩ። «አባባ ደረቅ ነው አልኩህ እኮ!»

ከዚያ በሥርዓቱ ከታች ጀመርኩ። የቀኝ በር መስታወት ላይ ስደርስ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ጮኸች። ገብቼ አየሁት። ከበሩ ካርቶን ሥር ተነስቶ፣ ጠመኔውን ሰንጥቆ ወደ ወለሉ ይወርዳል። መሀል ያለው ጉብታ ወደ ግራ አያሳልፈውም። ግቢያችን ደግሞ ዳገት ነው፣ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጋ ነው የምትቆመው። ስለዚህ ወደ ኋላ፣ ወደ ባትሪው።

የመኪና በር ውስጥ ውሃ ይገባል፣ እንዲገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። በመስታወቱ የወረደው ዝናብ ወደ በሩ ሆድ ይወርድና ከግርጌው ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። በላሜራውና በካርቶኑ መሀል ደግሞ ውሃው ወደ ሰው እንዳያልፍ ላስቲክ ይለጠፋል። የእኔዎቹ ቀዳዳዎች በጭቃ ተደፍነዋል። በሽቦ ስወጋቸው የወጣው ውሃ አንድ ጆግ ይሞላል። ካርቶኑን ስፈታ ላስቲኩ የለም።

ላስቲኩ የት ሄደ? በጥር የዚያን በር መስታወት ማንሻ ራሴ ነበርኩ የጠገንኩት። የተቀዳደደ የቆሸሸ ላስቲክ አገኘሁና «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል» ብዬ ጣልኩት። በራሴ እጅ።

ወፍራም ላስቲክ ቆርጬ ለጠፍኩ። የታችኛውን ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ ማስገባት ነው ቁም ነገሩ፣ ውጭ ከቀረ ውሃውን ወደ ጭንህ ያመጣልሃል። ሲልከኑን ፍቆ ማንሳት ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ጋራዡ ስሄድ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ገንዘቡን ይዤ ቆምኩ፣ ወጣ። «በሩ ነበር» አልኩት። እዚያው ሰው ፊት፣ «ላስቲኩን የጣልኩት እኔ ነኝ። አሳፈርኩህ፣ ይቅርታ» አልኩት። ጨምሬ ብሰጠው አልተቀበለኝም፣ የቀረውን ብቻ ቆጥሮ ወሰደ። «ቲቸር፣ ያቺን ጽሑፍ ግን እናቴም አንብባታለች» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም።

ስሙን እንዳልጽፍ ነግሮኛል። ቅዳሜ የተበላውን ወለል ቆርጦ አዲስ ላሜራ ሊበይድልኝ ይመጣል። ባትሪው እስከዚያ ከቤቴ በር ሥር ተቀምጧል፣ የልጅ ልጄም አትሳፈርም። የሰፈሬ ሰዎች፣ በእኔ ወሬ ሌላ ጋራዥ የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ።