የደፈረሰው ፏፏቴ

አገር ሰላም ሲሆን ዛሬ በጠዋት ከደሴ የተነሳ ሰው መካነ ሰላም ገብቶ ምሳውን ይበላል። በእኛ ጊዜ፣ 1980ዎቹ ሲገባደዱ፣ በክረምት ወደ ወሎ ቦረና የሚሄድ ሰው የሚመለስበትን ቀን አይናገርም ነበር። “መንገዱ ከፈቀደ” ይላል፤ በቃ።

እኛ ደግሞ ጉዳይ እንኳ አልነበረንም። ለቅሶ አንደርስ፣ ሰርግ አልተጠራን፣ እህል አንነግድ። የምንሄደው ፏፏቴ ልናይ ነው። ደሴ ሻይ ቤት ውስጥ ይህን የሰሙ አንድ ሾፌር ብርጭቋቸውን አስቀምጠው “ውሃ ለማየት? በሐምሌ? ደጃችሁ ላይ ቁሙ!” አሉን።

አራት ጓደኛሞች ነበርን፤ ሦስታችን አስተማሪዎች፣ አራተኛው የአጎቱን አሮጌ ላንድሮቨር ለምኖ ያመጣ ነጋዴ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የሰኔ ደመወዝ ገና አላለቀም፣ ትዳር የያዘው አንዱ ብቻ ነው። እሱም ግሸን እሳለማለሁ ብሎ ነው የወጣው። ሚስቱ “ግሸን በሐምሌ ምን አለ?” ብላ አለመጠየቋ እስከ ዛሬ ይገርመናል።

ጉጉፍቱ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ደበቀብን። ያ አገር ከገብስ በቀር ብዙ እህል የማይደፍረው ብርዳማ ደጋ ነው። አምባ ፈሪት፣ የደቡብ ወሎ ትልቁ ተራራ፣ ደመና ተከናንቦ እግሩን ብቻ አሳየን። ከአቀስታ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን ጭቃው ነው የሚያስታውሰኝ። መረሬው ጎማውን ይይዛል፣ ወርደን እንገፋለን፣ ጫማችን እዚያው ይቀራል። ላንድሮቨሩ በሞተር ከሄደው በሰው ጉልበት የሄደው ሳይበልጥ አይቀርም። የየመንደሩ ሰው የሞተር ድምፅ ሲሰማ ጠፍርና አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ገንዘብ የጠየቀን አንድም አልነበረም። የሚጠይቁን “በእናንተ ዘንድ ዝናቡ እንዴት ነው?” ብቻ ነበር። ባና የለበሱ አንዲት እናት “ከነጭቃችሁ ግቡ፣ ልጆቼ” ብለው እሳት ዳር አስቀመጡን። ቆሎ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ፣ እሳቸው ዱዓ አደረጉ፤ ነጋዴው ጓደኛችን በስመ አብ ብሎ ሲኒውን ተቀበለ። ማንም ልብ አላለውም። ወሎ ነዋ።

መካነ ሰላም 2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሜዳው ድንገት ይቆረጥና ዓባይ ሸለቆ ውስጥ ይወድቃል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ያ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ የወጣ ቅልጥ አለት ንብርብር በንብርብር ተኝቶ የሠራው ነው። ወንዞቹ ሲቆርጡት ገደሉ ደረጃ በደረጃ ሆነ። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ ገደል ጫፍ የደረሰ ጅረት ሁሉ ፏፏቴ ይሆናል። አንድ ቦታ ቆመን ማዶ ለማዶ ስንቆጥር ተሳስተን ደጋግመን ጀመርን። ብዙዎቹ ካርታ ላይ የሉም፤ ጥቅምት ሲገባ ይሳሳሉ፣ በበጋ ያሉበት ቦታ የሚታወቀው በጥቁር አለቱ ላይ በቀረው ምልክት ነው። ታዲያ በክረምት ካልተሄደ መቼ ይታያሉ?

ገደሉ ጫፍ ድረስ የመራን አንድ እረኛ ልጅ ነበር። ስንመለስ ብር ሰጠነው። የዚያን ጊዜው የ1 ብር ኖት ጀርባው ላይ የጢስ እሳት ፏፏቴ ሥዕል ነበረበት፤ ልጁ ገልብጦ አየውና “ይኼ የት ነው?” አለን። ነገርነው። “የእኛ ይበልጣል” አለ።

ከሁሉ በልቤ የቀረው ግን የአንድ ገበሬ ነገር ነው። ትልቁ ፏፏቴ ሥር ቆመን በውሃው ጩኸት መሃል እየተጯጯህን፣ ያለችንን አንዲት ካሜራ እየተቀባበልን ሳለ ከላይ ወረዱ። ማሳቸው ከገደሉ በላይ ነው። ውሃው ቀይ ቡና መስሎ ነበር የሚወርደው፤ እኛ ይህንንም አድንቀናል። ሰላምታ ሰጥተውን ጥቂት ቆሙና “ውሃ ብቻ እንዳይመስላችሁ ልጆቼ። የእኔም ማሳ አብሮ እየወረደ ነው” አሉ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ የዝናብ ወሬ እንደሚነገር ነው የነገሩን። አንዳችንም መልስ አልነበረንም።

በማግስቱ ደንቆሮ ጫካ ገባን። ጽዱና አስታው፣ ከፍ ሲል ጅብራውና ጓሳው፣ ጭላዳው በየገደሉ። ሌሊቱን ያለማቋረጥ ዘንቦ ሳለ ከጫካው የሚወጣው ጅረት ጠጠሩ ይቆጠር ነበር። ልዩነቱን ለማየት አግሮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፤ ከበላዩ ዛፍ ያለው ጠርቶ ይወርዳል፣ ከበላዩ ዳገት ታርሶ የተራቆተው ደፍርሶ።

አሁን ብዙ ነገር ተለውጧል። ደንቆሮ በ2001 ዓ.ም. የክልል ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ ዛሬ ቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ይባላል፣ ቀይ ቀበሮም አለበት። መንገዱ ቀንቷል፣ ወደ ጉንደ ወይን ተሻግሮ ጎጃም መግባት ይቻላል። የ1 ብር ኖት በሳንቲም ተተካ። ጢስ እሳትም ውሃው ለመብራት ተጠለፈ፤ በ1956 በትንሹ፣ በ1993 በብዛት፣ በ2002 ደግሞ ጣና በለስ ሲጀምር የጣናን ውሃ በሌላ በኩል ወሰደው። መብራቱን አልጠላም፤ ማታ የምጽፈው በእሱ ነው። ብቻ እረኛው ልጅ “የእኛ ይበልጣል” ያለው፣ በበጋ ካልሆነ በቀር፣ ሳይታሰብ እየቀናው ሄደ።

ያ የቦረና ውሃም ከነአፈሩ ዓባይ ገብቶ ቁልቁል ጉባ ይደርሳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ እኔም በቴሌቪዥን ፊት ደስ ብሎኝ ተቀምጬ ነበር። በመሃል የገበሬው ማሳ ትዝ አለኝ። ግድብ ውሃ ብቻ አይደለም የሚያጠራቅመው።

ጓደኞቼስ? አንዱ አርፏል። ነጋዴው አሜሪካ ነው፤ በቴሌግራም የሰው ድሮን ያነሳውን የወሎ ፏፏቴ ሁሉ ይልክልናል፣ ከሥሩ እሳት የሚመስል ምልክት እየደረደረ። “በሚቀጥለው ክረምት” እንባባላለን። ድሮ የሚከለክለን ጭቃው ነበር፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ አስፋልቱ እያለ በክልሉ ግጭት የተነሳ ዛሬ መንገዱ ክፍት ነው ወይ ብሎ ሳይደውል የሚነሳ የለም። ጭቃው ቢያንስ የሚገፋ ሰው ነበረው።

በቪዲዮዎቹ ላይ ውሃው አሁንም ቀይ ነው። ከሥሩ የሚጻፈው “ዋው”፣ “ገነት”፣ “ኢትዮጵያዬ” ነው። ያን አፈር ለማቆየት ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየበጋው የተፋሰስ ዘመቻ እየተባለ በየተራራው እርከን ተሠርቷል፤ የቆመ አለ፣ የፈረሰ አለ፣ ለሪፖርት ብቻ የተሠራም አይጠፋም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂዱ፤ ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም መጀመሪያ ጥሩ ነው። ሥሩ ቆማችሁ ፎቶ ተነሱ። ከዚያ ግን ወደ ላይም ውጡ፤ ባለማሳውን ሰላም በሉ፣ እርከኑ ቆሞ እንደሆነ ጠይቁ። ለአስጎብኚ ከምትሰጡት ብር ላይም ለመንደሩ ችግኝ የሚሆን ነገር ለዩ።