ቤተ ሰብን ይዞ ሆቴል ስለ መብላት

ሰው ከቤቱ ወጥቶ፥ ከማያውቀው ሰው አጠገብ ተቀምጦ፥ በገንዘቡ ምግብ ገዝቶ መብላት በአገራችን እጅግ የቆየ ልማድ አይደለም። አባቶቻችን መንገድ ሲወጡ ስንቃቸውን በስልቻ ይዘው ይሄዱ ነበር። ስንቁ ያለቀበትም ሰው «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ከደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም እግሩን አጥቦ ቤት ያፈራውን ያቀርብለታል እንጂ ዋጋ አይጠይቀውም። ለእንግዳ የቀረበ እንጀራን በገንዘብ መተመን ነውር ነበር፤ ሲበሉ በባዕድ ዓይን መታየትም ያስፈራ ነበር። በታላላቆች ግብር እንኳ ጌታው ሲበላ መጋረጃ ይጋረድ እንደ ነበር ከሽማግሎች የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ የእቴጌን ሆቴል ባሠሩ ጊዜ ነገሩ ለሕዝቡ እንግዳ ሆነበት። እንደሚተረከው፥ ሰው ከፍሎ መብላትን ስላልለመደ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከመኳንንቶቻቸው ጋር ሄደው በሉ፤ ሲጨርሱም የበሉበትን ሒሳብ ከፍለው ለሁሉ አሳዩ። ይህ ታሪክ ሲነገር ብዙ ሰዎች ይሥቃሉ። እኔ ግን ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፤ ለበላበት ዋጋውን የከፈለ ሰው ከዚያ ቤት ሲወጣ የማንም ባለ ውለታ አይሆንምና። ያ ሆቴል በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በተነሣው እሳት ሲጐዳ ያየሁ ጊዜ የዘመድ ቤት የተቃጠለ ያህል አዝኛለሁ።

ሁለተኛው አስተማሪያችን ባቡር ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። በዚያ ዘመን ባቡሩ ቀን እየተጓዘ ሌሊት ይቆም ስለ ነበር መንገደኛው በድሬ ዳዋና በአዋሽ እያደረ ይሄድ ነበር። ስለዚህ በበረሃ መካከል ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ማየት ተለመደ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን የገቡት ጣልያኖች ደግሞ ፓስታቸውን ትተውልን ሄዱ፤ ጠላቱን ያባረረው አርበኛ መኮረኒውን ግን አላባረረም። ቃላቱም ከየት እንደ መጡ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ጠረጴዛ ከግሪክ፥ ሹካ ከዐረብ፥ ፉርኖና ሥጎ ከጣልያን የመጡ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ሉካንዳ የሚለው ቃል ነው። በጣልያንኛ የእንግዳ ማደሪያ ቤት ማለት ሲሆን እኛ ዘንድ በሬ ተሰቅሎ የሚሸጥበት ቤት ሆኖ ቀረ። ሐበሻ ስለ ሆቴል ሲያስብ አስቀድሞ የሚታየው ነገር አልጋው እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

እኔ ራሴ የሰው ቤት ምግብ መቅመስ የተማርሁት ከአኩፋዳ ነው። በልጅነቴ በጎጃም ዳዊት ስደግምና ዜማ ስማር፥ እንደ ቆሎ ተማሪ ሁሉ ደበሎ ለብሼ፥ የውሻ መከላከያ በትር ይዤ፥ «ስለ እመቤታችን ስለ ማርያም» እያልሁ ከየደጁ እለምን ነበር። ከአንዱ ቤት የዳጉሳ እንጀራ፥ ከአንዱ የገብስ ቂጣ፥ ከሌላው ሽሮ የነካው ቍራሽ ይሰጠኛል። ማታ ከጓደኞቼ ጋር አኩፋዳችንን በአንድነት ስንዘረግፍ የዚያ አገር ሴቶች ሙያ ሁሉ በፊታችን ይዘረጋ ነበር። የማን ሊጥ አላግባብ እንደ ኮመጠጠ፥ ማን ጨው እንደምትቈጥብ፥ የማን ምጣድ እንዳልተሰማ፥ የሴቲቱን ፊት ሳናይ ቤቷን እናውቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በብዙ ጥሩ ሆቴል በልቻለሁ፤ ነገር ግን በአንድ ራት ያን ያህል ልዩ ልዩ ጣዕም የቀመስሁበት ቤት አላገኘሁም።

በኋላ አንድ ዘመዴ ወደ ከተማ አምጥቶ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባኝ። በዚያ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ሳህን፥ የራሱ ማንኪያ፥ የራሱ ብርጭቆ ተሰጠው። ሹካን በግራ፥ ቢላዋን በቀኝ መያዝ፥ ሲያኝኩ አፍን መዝጋት፥ ጕሮሮን ሳያሰሙ መጠጣት ተማርሁ፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። ረቡዕና ዓርብ ወተት ሲቀርብ ወተቱን ትቼ ዳቦውን ብቻ እበላ ነበር፤ አስተማሪዎቹም አላስገደዱኝም። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ሳምንት ሆዴ ሞልቶ የጠገብሁ አይመስለኝም ነበር። ከጐኔ የተቀመጠው ልጅ ወደ እኔ ሳህን አይመለከትም፥ «ብላ እንጂ» የሚለኝም አልነበረም።

እንግዲህ እነዚህን ሁለት ገበታዎች አውቃለሁ፤ አንዱን በሌላው መሳደብ አልወድም። የፈረንጅን ምግብ ሲያይ ፊቱን የሚያጠቍር ሰው አለ፤ ከመንደሩ ወጥ በቀር የአገሩን ምግብ የማያውቅ ሰው ደግሞ ከዚያ ይበዛል። ከጥቂት ዓመት በፊት ለሥራ ወደ ድሬ ዳዋ በተላክን ጊዜ አብሮኝ የሄደ ባልደረባዬ አምስት ቀን ሙሉ ከሆቴላችን መኮረኒና ጥብስ በቀር ምንም ሳይቀምስ ተመለሰ። እኔ ግን ጧት ጧት ወደ መንገድ እየወጣሁ ፈጢራ እበላ ነበር። ሊጡን እንደ ነጠላ እስኪሳሳ ድረስ ዘርግተው፥ እንቍላል አድርገውበት፥ አጣጥፈው በዘይት ይጠብሱታል፤ ከዚያም ማር ያፈስሱበታል። በጾም ቀን እንቍላሉ እንደሚቀርልኝ ሻጩ ሳልነግረው ዐወቀ። ከዚያም ወደ ሐረር ወጥተን አንድ የሥራ ወዳጄ ከቤቱ ሲጋብዘኝ በአብሽ የሚሠራውን ሑልባት መረቅ ቀመስሁ። እኛ አብሽን በሽታ ሲመጣ የምናስታውሰው መድኀኒት አድርገን ይዘነው፥ እነርሱ የገበታ ጌጥ አድርገውታል። በከተማው የግመል ሥጋም ይሸጣል። ግመል በኦሪት ዘሌዋውያን ከተከለከሉት መሆኑን ተምሬ ያደግሁ ነኝና እጄን አልዘረጋሁም፤ ወዳጄም ይህን ዐውቆ ከፊቴ አላቀረበውም። የማይበሉትን ነገር አፍንጫን ሳይነፉ መተው፥ የሚበሉትን ደግሞ በደስታ መቅመስ ይቻላል።

አሁን ወደ ቤተ ሰብ ነገር ልመለስ። ባለፈው ዓመት እናቴ እኔንና የልጅ ልጆቿን ለማየት ከጎጃም መጣች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር እንደ ፈረንጅ ሥርዓት ምግብ ወደሚቀርብበት አንድ ቤት ይዣት ሄድሁ። አስተናጋጁ የምግቡን ዝርዝር ሲሰጣት ተቀብላ ሳመችው፤ መጽሐፍ መስሏት ነበር። ቀጥላ «ወጥ ቤቷ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም የሚሠራው ወንድ መሆኑን በትሕትና ቢነግራት አማተበችና ዝም አለች። እኔ ሥጋዬን እየቈረጥሁ በሹካ ስበላ ደግሞ ወደ እጄ ተመልክታ «ልጄ፥ በግራ እጅህ ትበላለህን?» አለችኝ። ለዚህ ከሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት መልስ አልነበረኝም።

ለሁላችን የየራሳችን ሳህን ከቀረበ በኋላ እናቴ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። «ለምን አትበይም፥ እማዬ?» ብላት «ከማን ጋር ነው የምበላው?» አለችኝ። ይህ ቃል እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልሆነልኝም። ሰባ ዓመት ያህል አንድም ቀን ብቻዋን በልታ የማታውቅ ሴት፥ ስድስት ሰው በተቀመጠበት ገበታ ላይ ብቻዋን ሆና ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን የሥጎውን ፓስታ በቀኝ እጇ ጣቶች ጠቅልላ፥ ከጠረጴዛው በላይ ተሻግራ ትንሹን ልጄን አጐረሰችው። ሥጎው በነጩ ጨርቅ ላይ ተንጠባጠበ፤ በዙሪያችን ያሉትም ሰዎች ዞረው ተመለከቱን። ዐሥራ ስድስት ዓመት የሆናት ልጄ ፊቷ ቀልቶ «አባባ፥ ይንገሯት እንጂ» ብላ በዝግታ ተናገረችኝ። እኔም ሹካዬን አስቀምጬ እናቴን «እኔስ?» አልኋት። እናቴም አጐረሰችኝ፤ «አንድ ያጣላል» ብላም ደገመችኝ። ልጄ ለጊዜው አኵርፋ ነበር፤ ተራው ሲደርሳት ግን ከአያቷ እጅ መሸሽ አልተቻላትም።

ኢየሱስ ወልደ ሲራክ በመጽሐፉ ከታላቅ ሰው ማዕድ የሚቀመጥ ሰው እንዴት መሆን እንደሚገባው ብዙ መክሯል። ስለዚህ የገበታ ሥርዓት የፈረንጅ ብልኀት ብቻ ነው የሚሉትን አልቀበላቸውም። ልጆቼም ሹካ መያዝን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ሹካ መያዝን የተማረ ልጅ በአያቱ እጅ የሚያፍር ከሆነ ያ ትምህርት በዝቶ ነው የሚከፈልበት፤ ይህን ለልጄ በዚያው ማታ ነግሬአታለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ሒሳብ አምጣልኝ ብዬ አስተናጋጁን ብጠይቀው «ጌታዬ፥ ተከፍሏል» አለኝ። ማን ከፈለ ብለው ወደ መስኮቱ አመለከተኝ። በዚያ የተቀመጠ አንድ ሰው እጁን በደረቱ አድርጎ፥ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። ፊቱን ዐወቅሁት። የመሬት ክርክር ያለበት ባለ ጉዳይ ነው፤ መዝገቡም ሥራዬ በሆነው መዝገብ ቤት በቀጠሮ ላይ ነበር። እናቴ በደስታ «የተባረከ ሰው! ልጄ፥ በሰው አገር እንዲህ ተከብረህልኛልን?» አለችኝ።

እኔ ዳኛ አይደለሁም፤ ጸሐፊ ነኝ። ነገር ግን መዝገብ ከላይ ሊውልም ከታች ሊውልም፥ ግልባጭ ዛሬ ሊሰጥም ለሳምንት ሊቈይም የሚችለው በጸሐፊ እጅ እንደ ሆነ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቃል። ገንዘብ በፖስታ አድርጎ የሚያመጣ ሰው ሲመጣ ሐሳቡ ግልጥ ነውና መመለስ ቀላል ነው። ምሳ ግን አክብሮት መስሎ ይመጣል፤ ከተበላም በኋላ ስለሚከፈል የሚመለስ ነገር የለውም። አስተናጋጁን የእኔን ገንዘብ ተቀብሎ የሰውየውን እንዲመልስለት ነገርሁት። «ጌታዬ፥ ይህ እኮ ነውር ነው» ብሎ አመነታ። ስለዚህ ራሴ ተነሥቼ ወደ ሰውየው ሄድሁና «ስለ አክብሮትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ነገር ግን መዝገብዎ በእጄ ሳለ ምሳዎ በሆዴ ሊሆን አይገባም» አልሁት። እርሱም ቀና ብሎ «እኔ የከፈልሁት ለእናትዎ ብዬ ነው እንጂ ለእርስዎ አይደለም» አለኝ። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ ልቡን የሚያውቅ እግዚአብሔር ነው። እኔ ግን «ለእናቴ የሚከፍል ልጅ አላት» ብዬ፥ እጅ ነሥቼ ተመለስሁ።

በመንገድ እናቴ ተቈጥታ አላናገረችኝም። ከቤት ስንደርስ «በእኛ አገር የቀረበ እንጀራ አይመለስም፤ ያሳደግሁህ እንዲህ አድርጌ ነውን?» አለችኝ። እኔም ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ አስረዳኋት። ያ ሰው የሚከራከረው ሌላ ሰው እንዳለ፥ ያም ሌላው ሰው ምሳ የሚገዛበት ገንዘብ ላይኖረው እንደሚችል፥ በዚያ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ቢያየን ምን እንደሚያስብ ነገርኋት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ጋቢዋን እያስተካከለች «አባትህ ያን መሬት የተረታው እኮ በሙክት ነው» አለች። የአባቴ ባላጋራ ከቀጠሮው በፊት ለዳኛው ሙክት አርዶ እንደ ነበር እስከዚያ ቀን ድረስ ነግራኝ አታውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ማታ እንጀራ ስትቈርስ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ ሰጠችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ሰቤን ይዤ ስወጣ አስቀድሜ ከገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ እሄድና ከእኔ በቀር የማንንም ገንዘብ እንዳይቀበል እነግረዋለሁ። ለመንግሥት ሥራ ለተሾመ ሁሉ ይህ ቀላል ዘዴ ነው፤ ሰውን ፊት ለፊት ከማሳፈርም ያድናል። ሌሎቹ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። በጾም ቀን የሚሄድ ሰው ሥጎው ቅቤ ወይም ሥጋ እንዳልነካው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ዋጋውንም ሳያዝ ያንብብ፤ ልጆችንም ከቤት ሳይወጡ ያብላቸው የሚሉ ብልኀተኞች አሉ፥ ይህን ግን ባለቤቴ አትወደውም። እናት ያለው ደግሞ አንድ ትልቅ ሳህን አስመጥቶ የሁሉን ምግብ በእርሱ ላይ ያስገልብጥ። እኛ በሁለተኛው ጊዜ እንዲሁ አደረግን፤ አስተናጋጁም ምንም አላለም።

ሰውየው በቀጠሮው ቀን መጣ። ሰላምታ አልሰጠኝም። ተራው ሲደርስ መዝገቡን አውጥቼ ወደ ችሎት አገባሁት፤ ከፊቱ የነበሩትን ሁለት ባለ ጉዳዮች አላለፍሁም፥ ወደ ኋላም አላስቀረሁትም። ሲወጣ የምሳው ገንዘብ እንደ ደረሰው ጠየቅሁት። «ደርሶኛል» አለኝ።