ስለ አውቶሞቢል ቸርኬ ልክ

ልጃችን ከአጋሮ ወጣ ብሎ በቡና መሬቱ ይኖራል። አውቶሞቢሉን ለማሳመር ባለ 15 ኢንቹን ቸርኬ በባለ 17 ሊለውጥ ተነሥቷል። በጎማው ላይ 195/65 አር 15 ተጽፏል፤ ይኸውም ወርዱ 195 ሚሊ ሜትር፥ የጎኑ ከፍታ የወርዱ 65 በመቶ፥ ቸርኬው 15 ኢንች ማለት ነው። ቸርኬው ሲተልቅ ጎኑ ሊያጥር ግድ ነው፤ 205/50 አር 17 ቢሆን የመላው መንኰራኵር ቁመት በ3 ሚሊ ሜትር እንኳ አይለይምና የፍጥነት መቍጠሪያው አያስትም። የብሎን ቀዳዳውም ከገጠመ ልኩ መልካም ነው።

ነገር ግን በጎማ ወረዳ (ስሙ ለነገራችን ተስማማ) የቡናው መንገድ በክረምት ጕድጓድ ይበዛዋል፤ ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ሲመታ የሚጣመመው ቸርኬው ነው፥ ነፋሱም ይወጣል። የሚስቱ የመውለጃ ወር ቀርቧል፤ በሌሊት ወደ ጅማ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ይኸው አውቶሞቢል ነው። ስለዚህ ከወለደች በኋላ ይሁን ብለን ጻፍንለት፤ መልሱ ገና አልደረሰንም።